ቀኝ መሪ

ቃሊቲ ነው ሥራዬ፣ ከጉምሩክ አጥር ሥር፣
የማይሄድ መኪና ሌሊቱን ስቆጥር።
ሰባ ሦስት ናቸው ማታ ስረከብ፣
ሰባ ሦስት ናቸው ጠዋት ሳስረክብ።
ቁልፋቸው ቢሮ ነው፤
የሚንቀሳቀሰው ጎማ ላይ የሚወጣው
ሰርዶ ብቻ ነው።

ከነዚህ አንደኛዋን ለይቼ አውቃታለሁ፤
«አርባ ሰባት ቁጥር» ብዬ እጠራታለሁ።
ነጭ ናት፤ ነበረች። አሁን አቧራ ለብሳለች።
በጃፓን ፊደል የተጻፈ ወረቀት መስታወቷ ላይ ቀርቷል፤
ማን ያነበዋል? ምናልባት «ቀስ ብለህ ንዳ» ይል ይሆናል።

የጋሽ ስንሻው ናት።
ሃያ ስድስት ዓመት የሰው መሪ ይዞ
ከሁመራ ጎዴ ሲመላለስ ታዝዞ፣
የጡረታ ብሩን ከዕቁቡ ደርቦ፣
የሚስቱን ሐብል ሳይቀር ከሣጥን ሰብስቦ
ለእህቱ ልጅ ላከ፣ ዱባይ ለሚኖረው።
ልጁም «አጎቴ፣ አገኘኋት፤ በግማሽ ዋጋ!» አለው።
ለምን ግማሽ ሆነ ብሎ ማን ጠየቀ?
ደስታ ሲመጣበት ሰው መች ተጠነቀቀ።
ፎቶዋን ላከለት፤ ከጎን፣ ከፊት፣ ከኋላ።
ከውስጥ አልላከም። የውስጡ ነገር ሌላ።

ባሕር ተሻገረች፤ ጅቡቲ ከረመች፤
በሎቤድ ተጭና ቃሊቲ ደረሰች።
በሯን የከፈተ ዕለት እዚሁ ነበርኩ፣ አይቻለሁ፤
በግራ በኩል ገባ፤ «በስመ አብ» ሲል ሰምቻለሁ፤
እጁን ዘረጋ፤ እጁ አየር ጨበጠ፤
መሪው ከቀኝ ወንበር እንደ ሹም አፈጠጠ።
«ቀኝ አውለኝ» እያለ በየማለዳው ሲወጣ፣
ይኸው ቀኙ ራሱ ተጭኖለት መጣ።

መርማሪዋ መጣች፤ ሃዊ ትባላለች፤
ልጅ ናት፣ ጨዋ ልጅ፤ ባትሪ አብርታ አየች፤
የሻንሲውን ቁጥር ጻፈች፤ መዝገቧን ከፈተች።
«አባቴ፣ መሪው ቀኝ ነው፤ ለኛ መንገድ አይሆንም፤
ሊቀድሙ ሲወጡ፣ ከፊት የሚመጣው አይታይም።»
«ተገልብጦ ቢሠራስ?» «ፈቃድ ያስፈልገዋል።»
«ፈቃዱስ?» «ግራ ቀኙ ታይቶ ይወሰናል።»

ግራ ቀኙ!
ቀኙማ ታይቶ አልቋል፤ እዚያው ተቀምጧል።
ግራው ነው መኪናዋን ትቶ
ጋሽ ስንሻውን የገባው።

ቆማ ትበላለች፣ በየቀኑ ኪራይ፤
ክረምቱ ዘነበባት፣ ጠበሳት ፀሐይ።
በዳሳ መካኒኩ ከገላን ይመጣል፤
በሽቦው አጥር አጮልቆ ያያታል፤
«በሁለት ሳምንት! እኔ ስንቱን ገልብጫለሁ!»
ወሬውን አምናለሁ፤ ብየዳውን እፈራለሁ።

ደንቡን አልጠላውም። ታናሼ ሽፈራው፣
ዱከም መታጠፊያ ላይ፣ ሲቀድም የገጨው
ሾፌር «አላየሁትም» አለ። እውነቱን ነው፤
መሪው ቀኝ ነበረ።
ይህን ለጋሽ ስንሻው አልነገርኩትም።
ምን ብዬ?

ዓርብ ዓርብ ይመጣል፣ ሲመሽ፣ በኋላው በር፤
ጨርቅ በፌስታል ይዞ፣ ውኃ በሃይላንድ ጭምር።
ክልክል ነው። አስገባዋለሁ።
መስታወቷን ይወለውላል፤ እንደ ልጅ ፊት፤
ጎማዋን ይረግጣል፤ አንዱ ተንፍሷል ከሁለት ወር በፊት።
ባለፈው ግን ጨርቁን አጥፎ በቀኝ በኩል ገባ፤
በግራ ያለውን በር ከፈተልኝና «ግባ»።
ገባሁ።
እኔ በሾፌር ቦታ፣ መሪ የሌለኝ ሾፌር፤
እሱ መሪውን ይዞ፣ በእንግዳ ወንበር።
ከአጥሩ ወዲያ ከባድ መኪኖች ወደ ሞጆ ይወርዳሉ፤
መብራታቸው ፊታችን ላይ ወጥቶ ይጠፋል።

ቀበቶውን አሰረ። ቆየ። ከዚያ፣ ቀስ ብሎ፣
«እስቲ ካንተ በኩል እየው» አለኝ።
«ልቀድም ነው። ከፊት የሚመጣ አለ?»

አንገቴን ሰገግ አድርጌ አየሁ።
ጨለማ፤ ሰባ ሁለት መኪና፤ ሰርዶ።
ደጋግሜ አየሁ፤ ሽፈራውን ያላየው ሰው
አንድ ጊዜ እንኳ እንዲህ ባየ ብዬ።

«ማንም የለም፣ ጋሼ» አልኩት።
«እለፍ።»